ወረርሽኝ ሲገባ እናቶችን እንዴት እናዋልድ? ለወሎ የሆስፒታል አዋላጆች የአሠራር መመሪያ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር እኔ ወሎ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል እሠራ ነበር። በሽታው እኛ ጋ ሳይደርስ ፍርሃቱ ቀድሞ ደረሰ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አልጋዎቻችን ሳሱ። ነፍሰ ጡር ጠፍታ አይደለም። ምጥ ቀጠሮ አያራዝምም። እናቶቹ "ሆስፒታል ሄዶ በሽታ መሸመት ይቅርብን" ብለው ቤታቸው ቀሩ። መምጣት ሲጀምሩ ደግሞ የመጡት ዘግይተው ነው። ደም ፈሷቸው፣ ምጡ ሁለት ቀን ፈጅቶባቸው፣ አንዳንዶቹም አንቀጥቅጧቸው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ወረርሽኝ እናትን የሚገድለው በቫይረሱ ብቻ አይደለም። ከቤት በማስቀረት ይገድላል። በር ላይ በማቆምም ይገድላል። አዲስ ሕግ ስታወጡ፣ አዲስ ድንኳን ስትተክሉ፣ አዲስ ፎርም ስታዘጋጁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህ ነገር እናትዮዋ አዋላጅ እጅ እስክትገባ ያለውን ጊዜ ያሳጥራል ወይስ ያስረዝማል?

በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊድ በጤና ተቋም የተካሄደው 26ቱ ብቻ ነበር። በ2011ዱ አነስተኛ ጥናት 48 ገደማ ደረሰ። ያ ቁጥር የመጣው የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ዳገት ቁልቁለቱን በእግራቸው እየማሰኑ ነው። በአንድ ወረርሽኝ ሲፈስ ቆመን ማየት የለብንም።

ወረርሽኝ አንዴ መጥቶ የሚቀር ነገር አይደለም። አያቶቻችን "የኅዳር በሽታ" ያሉት የ1911 ዓ.ም. ኢንፍሉዌንዛ በዓለም ዙሪያ ነፍሰ ጡሮችን ክፉኛ ጎድቷል። ኮሮናም ነፍሰ ጡሮችን ከሌሎች እኩዮቻቸው ይልቅ ለጽኑ ሕመም ዳርጓል። እዚህ የጻፍኩት በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ነው። ኮሌራ ወይም እንደ ኢቦላ ያለ በሽታ ከሆነ ጥንቃቄው ሌላ ነው። የመድኃኒት መጠኑንም ሁልጊዜ ከአገር አቀፉ ፕሮቶኮልና ከሐኪማችሁ ጋር አመሳክሩ።

1. በሽታው ሳይደርስ ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ

ወሬው ገና አዲስ አበባ እያለ አንድ ከሰዓት በኋላ ተሰብሰቡ። አዋላጅ፣ ሐኪም፣ ሰመመን ሰጪ፣ ፋርማሲ፣ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ የአምቡላንስ ሾፌር። ጽዳትና ጥበቃን አትርሱ፤ በሩንና መሬቱን የያዙት እነሱ ናቸው።

በመጀመሪያ የማይቆመውን ሥራ ጻፉ። ወሊድ፣ ኦፕራሲዮን፣ የደም መፍሰስ፣ የደም ግፊትና ማንቀጥቀጥ፣ የውርጃ ችግር፣ ከወሊድ በኋላ ያለ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሕፃናት ክትባት። "ወረርሽኝ ስለሆነ ለጊዜው ቆሟል" የሚል ወረቀት ከእነዚህ በአንዱም በር ላይ መለጠፍ የለበትም።

ቀጥሎ ዕቃ ቁጠሩ። እስከ ክርን የሚደርሰውን ረጅም ጓንት ለብቻው ቁጠሩት፤ የቀረ እንግዴ ልጅ በእጅ ሲወጣ የሚያስፈልገው እሱ ነው፣ መጀመሪያ የሚያልቀውም እሱ ነው። ማሕፀን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን፣ ለማንቀጥቀጥ የሚሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌት፣ የደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር። ሲሊንደሩን በዓይን አትመኑ፣ ጌጁን አንብቡ። ደም ባንክ ደውሉ። ትምህርት ቤት ሲዘጋና ሰው ቤቱ ሲቀመጥ ለጋሽ ይቀንሳል። ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ የተያዘላት እናት ቤተሰብ ቀድሞ ደም እንዲለግስ ያን ጊዜውኑ አነጋግሩ።

ሠራተኛውን በሁለት ቡድን ክፈሉና ቡድኖቹ አይገናኙ። አንዱ ቡድን ቢታመም ሌላው ይቆማል። ነፍሰ ጡር የሆነች አዋላጅ ካለች፣ በተለይ 28 ሳምንት ካለፋት፣ ተጠርጣሪዎች ካሉበት ክፍል አርቋት።

2. በሩ ላይ፤ መጀመሪያ እናትዮዋን እዩ፣ ከዚያ ሙቀቷን

ይህን ደረጃ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። ምክንያቱ አንድ ቀን ነው።

አንዲት እናት ከደላንታ በኩል መጣች። እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ፣ ከዚያ በሚኒባስ። በር ላይ የሙቀት መለኪያው ግንባሯ ላይ ተደገነ። 38.2 አለ። "ወደ ድንኳኑ" ተባለች፤ የኮሮና ተጠርጣሪ የሚለይበት ነው። ድንኳኑ ውስጥ ፎርም የሚሞላ ልጅ ነበር እንጂ አዋላጅ አልነበረም። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ከውጭ አገር ከመጣ ሰው ጋር ተገናኝተሻል ወይ? ልጁ ጨዋ ነው፣ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ወረቀቱን ሞልቶ ቀና ሲል ከወንበሩ ሥር ያለው ሲሚንቶ ቀይ ሆኗል። ነጠላዋን ወደ ታች ጎትታ እግሯን ሸፍናው ስለነበር አልታየውም። አማቷ "የሰው ያለህ! ልጄ ደሟ አለቀ!" ብለው ሲጮሁ ነው እኔ የሰማሁት።

የሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ ሁለት ቀን አልፎታል። ትኩሳቱ ከዚያ የመጣ ኢንፌክሽን ነበር። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ያ ቀይ ሲሚንቶ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ የሠራነውን አሠራር እንዲህ ነው የምመክራችሁ።

ድንኳኑ ውስጥ 24 ሰዓት አዋላጅ ትኑር። ሰው ካጠረ ከሌላ ቦታ ቀንሱ፣ ከዚህ አትቀንሱ። የወሊድ ዕቃም እዚያው ይቀመጥ፤ ጓንት፣ የእትብት ማሰሪያ፣ መቀስ፣ ሁለት ደረቅ ፎጣ፣ የሕፃን መተንፈሻ አምቡ ባግ፣ በበረዶ ዕቃ የተያዘ ኦክሲቶሲን።

ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ስትመጣ ማስክ አድርጉላት። ወዲያው አራት ነገር እዩ። ደም አለ? ልጁ እየመጣ ነው? አንቀጥቅጧታል ወይስ ራሷን ስታለች? መተንፈስ አቅቷታል? ከአራቱ አንዱ ካለ ፎርሙ ይቆይ፤ ቀጥታ ወደ ውስጥ። ጥያቄውን እየገፋችኋት መጠየቅ ይቻላል። አማትየውም ሊመልሱት ይችላሉ።

አራቱም ከሌሉ ሙቀቷን፣ የደም ግፊቷን፣ የልብ ምቷን፣ የኦክስጅን መጠኗን ለኩ፤ የፅንሱን የልብ ምት አዳምጡ። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጤነኛ ነው። ከዚያ ስለ ሳልና ስለ ንክኪ ጠይቁ።

ትኩሳት ሁሉ ወረርሽኝ አይደለም። ከከሚሴ፣ ከባቲ፣ ከሐርቡ ቆላ የመጣች እናት ወባ ሊሆንባት ይችላል። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የማሕፀን ኢንፌክሽን፣ ታይፎይድ፣ ተስቦ አለ። "ተጠርጣሪ" የሚለው ቃል አንዴ ካርዷ ላይ ከተጻፈ ሌላውን የሚፈልግ ሐኪም ይጠፋል። ስለዚህ ከዚያ ቃል ጎን "ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?" የሚል መስመር ካርዱ ላይ ጨምሩ። እኛ በእጅ ጽፈን አባዛነው። ሠርቷል።

3. መስኮቱና ብርዱ

ክፍላችሁን ለሁለት ክፈሉት፤ ለተጠረጠሩትና ላልተጠረጠሩት። ከተቻለ የተጠረጠሩት በር ለብቻ፣ መጸዳጃም ለብቻ ይሁን። በአልጋና በአልጋ መካከል ቢያንስ አንድ ሜትር፣ ቦታ ካለ ሁለት ሜትር አድርጉ። ይህ ቀላሉ ነው።

ከባዱ አየር ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐምሌ ላይ ከጦሳ የሚወርደውን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በዚያ ላይ አራስን ብርድ ይመታታል የሚለው ፍርሃት በእናቶቻችን አጥንት ውስጥ የገባ ነው። እኛ መስኮት እንከፍታለን፣ አስታማሚዋ ተነሥታ ትዘጋለች። ደግመን እንከፍታለን፣ በነጠላ ትወትፈዋለች። በዚህ መሀል ሳሉ ክፍሉ ውስጥ ይታመቃል።

ተቆጥቶ መክፈት አይሠራም። ለእኔ የሠራልኝ የጭሱ ነገር ነው። "እናቴ፣ ማድ ቤት እንጀራ ሲጋገር በሩን ቢዘጉት ምን ይሆናል?" "ጭሱ ያፍነናላ።" "ይህ በሽታም እንደ ጭስ ነው። ከሰው ትንፋሽ ወጥቶ ቤቱን ይሞላል። ስናስወጣው ይሳሳል።" የገጠር እናት ስለ ጭስ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ራሷ ናት የምትከፍተው።

አከፋፈቱ እንዲህ ነው። ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶችን የላይኛውን ክፍል ሁልጊዜ ገርበብ አድርጉ። አየር የሚሻገረው በሁለት በኩል ሲከፈት ነው። በየሰዓቱ ደግሞ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። አልጋውን ከመስኮቱ ሥር አውጡና ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስጠጉ። ክፍሉን ሳይሆን እናትዮዋን አሙቁ፤ ጋቢ፣ ካልሲ፣ ሻሽ። ልጁ በሚወለድበትና በሚደርቅበት ሰዓት ግን አጠገቧ ያለውን መስኮት ዝጉና ራቅ ያለውን የላይኛውን ብቻ ተዉት። አዲስ ሕፃን ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ከሰል ክፍል ውስጥ አይግባ። ለቡናም ለሙቀትም አይግባ። የከሰል ጭስ ሳይሸት ይገድላል። ኦክስጅን ባለበት ደግሞ እሳት ነው።

4. ልብስ፣ እጅና በረኪና

ማዋለድ ያለ ፍንጣቂ የለም። ደምም የሽርት ውሃም ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ወረርሽኝ ኖረም አልኖረም በወሊድ ሰዓት የዓይን መከላከያና የፕላስቲክ ሽርጥ ይደረጋል። አለባበሱ፦ እጅ መታጠብ፣ ጋውን፣ ማስክ፣ የዓይን መከላከያ፣ መጨረሻ ጓንት። አወላለቁ፦ ጓንት፣ ጋውን፣ እጅ ማጽዳት፣ የዓይን መከላከያ፣ ማስክ፣ እንደገና እጅ ማጽዳት። ሰው የሚያዘው ሲያወልቅ ነው። አንዱ ሲያወልቅ ሌላው ቆሞ ያንብብለት። አየሩን አጥብቆ የሚያጣራው ኤን 95 ማስክ ካነሰ የመተንፈሻ ቱቦ ለሚገባባት ታማሚ ሥራ አስቀምጡት፤ ለተራው ሥራ የሕክምና ማስክ ይበቃል።

በረኪና ስትበጠብጡ ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን መቶኛ እዩ። 5 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ 0.5 በመቶ ይሰጣል፤ ይህ ደም ለነካው ነው። ለተራ ገጽታ 1 እጅ በ49 እጅ ውሃ 0.1 በመቶ ይሆናል። መጀመሪያ ደሙን ጥረጉ፣ ከዚያ በረኪናውን አፍስሱና 10 ደቂቃ ይቆይ። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ሰው ላይ አትርጩ። በዚያን ሰሞን አስታማሚዎችን በር ላይ በመርጫ የሚያጥቡ አይቻለሁ። ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል እንጂ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ማስክና መነጽር ስታደርጉ ፊታችሁ ይጠፋል። ምጥ ላይ ላለች ልጅ ይህ ያስፈራታል። ስማችሁን ፕላስተር ላይ በደማቁ ጽፋችሁ ደረታችሁ ላይ ለጥፉ። ማንበብ ለማትችለው በቃል ንገሯት። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ "አብሽሪ፣ እህቴ፣ እዚሁ ነኝ" በሏት። ወሎ ውስጥ "አብሽሪ" የምትለዋ ቃል ምን ያህል እንደምታረጋጋ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም።

5. ምጥና ወሊድ

አንድ አስታማሚ ትግባ። ያቺው አንዷ እስከ መጨረሻው ትቆይ፣ አትቀያየር፣ ማስክ ታድርግ፣ ሳልና ትኩሳት አይኑርባት። በወረርሽኙ መጀመሪያ አስታማሚ ጨርሶ የከለከሉ ቦታዎች ነበሩ። ስህተት ነው። አጠገቧ የምታምነው ሰው ያላት እናት ምጧ ያጥራል፣ ኦፕራሲዮንም ይቀንሳል። በዚያ ላይ አንዲት አዋላጅ አራት አምስት ምጥ በምትይዝበት ሌሊት ደም ሲፈስ መጀመሪያ የምታየው አስታማሚዋ ናት።

ውጭ የቀሩትንም አትርሷቸው። አንድ ሌሊት ምጥ የጠናባት ልጅ እናቷን ብቻ ሳይሆን የሠፈሩን ዱበርቲዎች፣ በዱአ የሚታወቁትን እናቶች፣ ዱአ ፈልጋ ነበር። ስልኳን ስፒከር ላይ አድርገን ትራሷ አጠገብ አስቀመጥንላት። በማዶ ዱአው ይሰማል፣ አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ ያለችው ደግሞ "ማርያም፣ ማርያም" ትላለች። ሁለቱም ሊነጋጋ ሲል ተገላገሉ። ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ሶኬት ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አዘጋጁ፤ ትንሽ ነገር ናት፣ ትጠቅማለች።

ክትትሉ አይቀየርም። የፅንሱ ልብ በምጡ ጊዜ በየ30 ደቂቃው፣ ልጁን ለማስወጣት ስትገፋ ደግሞ በየ5 ደቂቃው ይደመጥ። ማስክ ማድረግ ከባድ ስለሆነ ወይም ጋውን ስላለቀ ክትትሉን የሚያስረዝም ካለ ያ ነው አደጋው። አንድ ጊዜ ለብሳችሁ ስትገቡ ሁሉንም ሥራ አጣምራችሁ ጨርሱ።

ቫይረሱ ስላለባት ብቻ ኦፕራሲዮን አይሠራላትም። ምክንያቱ የወሊድ ምክንያት መሆን አለበት። ኦፕራሲዮን ካስፈለገ በወገብ የሚሰጠው ሰመመን ይመረጣል፤ ቱቦ ማስገባት ለእሷም ለክፍሉም አደጋ ይጨምራል። ክፍሉ ውስጥ የማያስፈልግ ሰው አይቁም። ተማሪዎች ውጭ ይቆዩ።

ልጁ እንደተወለደ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ጡንቻ ላይ። እትብት ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ ይታሰር፤ ወረርሽኙ ይህን አይቀይርም። ከዚያ ማሕፀኑን ዳብሱ። ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ደም ከፈሰሰ፣ ወይም ከዚያ በታች ሆኖም እሷ ከገረጣችና የልብ ምቷ ከፈጠነ፣ ሰው ጥሩ። ማሕፀኑን እሹ፣ ፊኛዋን ባዶ አድርጉ፣ በሁለቱም እጇ ላይ የደም ሥር መስመር ክፈቱ፣ ኦክሲቶሲን ጨምሩ፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በ10 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ስጡ። ይህ መድኃኒት የሚሠራው ወሊድ ካለፈ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ስለዚህ "መጀመሪያ የምርመራ ውጤቷ ይምጣ" የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ሰው ቫይረሱ እንዳለበት ቆጥራችሁ ልበሱ፣ ውጤት አትጠብቁ።

6. የታመመችው እናት

መተንፈስ ያቃታትን እናት በግራ ጎኗ ወይም ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጀርባዋ ላይ አታስተኟት፤ ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫናል። ኦክስጅኗ ከ94 በመቶ በታች ከሆነ ኦክስጅን አስጀምሩ። በነፍሰ ጡር ላይ ከ92 እስከ 95 በመቶ በታች እንዳይሆን ነው የሚጠበቀው። በእኛ ደጋ ጤነኛ ሰውም ቁጥሩ ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ማሽኑን ብቻ አትዩ፣ ትንፋሿን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ30 በላይ ከሆነ ጽኑ ነው።

የጣት መለኪያው ያሳስታል። እጇ ከቀዘቀዘ መጀመሪያ በእጃችሁ መሀል አሙቁት። ጥፍሯ ላይ ቀለም ወይም ጥቁር ሂና ካለ ሌላ ጣት ፈልጉ።

በኮሮና ጊዜ ኦክስጅን ለሚያስፈልጋት እናት ዴክሳሜታሶን በቀን 6 ሚሊ ግራም እስከ 10 ቀን ጠቅሟል፤ ኦክስጅን ለማያስፈልጋት አይሰጥም። የደም መርጋት መከላከያ ሐኪም ይመልከትላት። ፈሳሽ በብዛት አታፍስሱባት፤ ሳንባዋ አስቀድሞ ታሟል።

ግፊቷ ከፍ ብሎ ማንቀጥቀጥ ካለ ማግኒዥየም ሰልፌት አይከለከልም። 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ፣ 10 ግራም ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ መቀመጫ ላይ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱን መርፌ ከመስጠታችሁ በፊት ትንፋሿ በደቂቃ ቢያንስ 16፣ ጉልበቷ መታ ሲደረግ እግሯ ምላሽ የሚሰጥ፣ ሽንቷም በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆኑን አረጋግጡ። ማግኒዥየሙ ከበዛባት ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነውና 1 ግራም አጠገባችሁ ይኑር።

ወደ ሌላ ማዕከል ስትልኩ፣ እንደ ያኔው ቦሩ ሜዳ ለኮሮና ታማሚዎች ማዕከል እንደነበረው፣ መጀመሪያ ደውሉና የተቀባዩን ስም ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ምጥ ላይ ያለች እናት ያለ አዋላጅ በአምቡላንስ አትሄድም። ሾፌሩ ከኋላ ምን እንደሆነ አያይም።

7. ልጁ ከእናቱ አይለይ

ደረቅ አድርጋችሁ እናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ። ኮፍያ፣ ከላይ ጋቢ። ቫይረሱ ቢኖርባትም በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር። ማስክ ታድርግ፣ ከማጥባቷ በፊት እጇን ትታጠብ፣ ስታስል ፊቷን ታዙር። ይኸው ነው። በጣም ከታመመች ወተቷ ታልቦ በኩባያ ይሰጥ። ልጁ ከ24 ሰዓት በፊት አይታጠብ። ቅቤና የስኳር ውሃ አይቅመስ። ሕፃን ላይ ማስክ አይደረግም፤ ይታፈናል። ከመውጣቱ በፊት የልደት ክትባቱን ይውሰድ። "ቆይተሽ ነይ" የተባለች እናት በወረርሽኝ ጊዜ አትመለስም።

8. አራስ ቤት ስትገባ

ጤነኛ ብትሆንም ቢያንስ 24 ሰዓት ትቆይ። አልጋ ለመቀነስ ብላችሁ በወለደች በ6 ሰዓት ውስጥ አትሸኟት። ስትወጣ ለእሷም ለባሏም የሚመለሱበትን ምልክት ንገሯቸው። ደም በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርቅ ካራሰ፣ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን መደብዘዝ፣ የእግር እብጠትና ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የሚሸት ፈሳሽ። ልጁ ጡት እምቢ ካለ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጋለ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ። "ወረርሽኙ አለና ልጠብቅ" እንዳይሉ በግልጽ ንገሯቸው፤ በዚህ ጉዳይ መጠበቅ የለም።

የአራስ ጥየቃውን ነገር በጥንቃቄ አንሱት። "ማንም አይምጣብሽ" ብትሏት አትሰማችሁም፤ ብትሰማም አራስ ብቻዋን ስትሆን ልቧ ይሰበራል። ይልቅ እንዲህ በሉ። ገንፎውን አንድ ሰው ይሥራ። ጠያቂ በየተራ ይምጣ፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይበል። ቡናው በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ይፈላ። ልጁን መሳም ይቆይ። የአቂቃ ድግሱም የክርስትናውም ጥቂት ሰው ይኑረው። አማትየውን ካሳመናችሁ ቤቱን ሁሉ አሳመናችሁ፤ ምክሩን ለእሳቸው ንገሩ።

9. የእርግዝና ክትትሉ

ሁሉንም እናት ጠዋት 2 ሰዓት ቀጥራችሁ እስከ 6 ሰዓት አታሰልፉ። በሰዓት ከፋፍላችሁ ቅጠሩ። አግዳሚ ወንበሩን ዛፍ ሥር አውጡት። ስጋት ለሌለባት እናት መሀል ላይ ያለውን አንዱን ክትትል በስልክ አድርጉ፣ የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብሏን ለሁለት ሦስት ወር ስጧት። ግፊት ያለባትን፣ መንታ ያረገዘችውን፣ ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደችውን ግን በአካል እዩ። ሩቅ ያለች እናት የእናቶች ማቆያ ውስጥ ትግባ፤ ማቆያው አይዘጋ፣ አልጋው ይራራቅ።

10. እናንተስ

እኛ እርስ በርስ የተያያዝነው ታማሚ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ሻይ ክፍል ውስጥ ነው። ማስኩ የሚወልቀው እዚያ ነው፣ አንድ ሳህን ላይ የሚበላውም እዚያ ነው። ከአንድ ጉርሻ በኋላ አራታችን ተኛን። ሻይ በየተራ ጠጡ፣ ውጭ ጠጡ። መጎራረሱ ይቅር። የታመመ ሰው ቤቱ ይቅር፣ ደመወዙ አይቆረጥ።

እናት ስትሞትባችሁ ለቤተሰብ የሚነግረው ከሁላችሁ በሥራ የቆየው ይሁን። ማስኩ እንዳለ ሆኖ ቁጭ ብሎ ይንገር። ቤተሰብ ራቅ ብሎም ቢሆን ፊቷን ይይ። ያቺን ሌሊት ያዋለደችው አዋላጅ ነገ ጠዋት ብቻዋን አትግባ።

11. በየጠዋቱ የሚጻፍ አንድ ሰሌዳ

ነርስ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ስቀሉ። በየጠዋቱ አራት ነገር ጻፉበት። ትናንት ስንት ወለዱ? ከእነሱ ስንቱ ዘግይተው መጡ? በር ላይ ከደረሱበት እስከ አዋላጅ እጅ ድረስ ረጅሙ ስንት ደቂቃ ነው? አምና በዚህ ሳምንት በቀን በአማካይ ስንት ወልደው ነበር?

የአራተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው በጣም ከበለጠ እናቶቹ የሆነ ቦታ አሉ ማለት ነው። ስልክ አንሡ። ጤና ጣቢያዎቹን ዙሩ፤ ኩታበርን፣ ሐይቅን፣ ወግዲን፣ መርሳን። የጤና ኤክስቴንሽኗን በስሟ ጥሯትና "በዚህ ወር የምትወልድ ማን አለችሽ?" በሏት። ዝርዝሩን ታውቀዋለች። ለእያንዳንዷ እናት ቀኑን፣ የምታመጣትን መኪናና ይዛት የምትመጣውን ሰው ጻፉ፤ በሩም ላይ የሚቀበሏትን ተረኛ አዋላጅ ስም ንገሯት።